ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ

ባለቤቴ ገረሱ ቀን ቀን ፍርድ ቤቱ አጠገብ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይተይባል፤ ማታ ደግሞ አዲስ ካሴት እየሰማ ለአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ ሁሉን አልከታተልም። ግን የጓደኛውን ካሴት ሲነቅፍ፣ የተጣላውን ሰው ሲያመሰግን አይቻለሁ። "ለማንም አላዳላም" ይላል፤ እውነቱን ነው። በዚህ ጠባዩ ስንቱን አስቀይሞብናል። እኔም ደክሞኝ ትቼዋለሁ።

መብራት በፈረቃ በሆነበት ዓመት እኛው ግቢ፣ ከልደታ ማርያም ጀርባ የምትኖረው ሠርካዲስ የመጀመሪያ ካሴቷን አወጣች። ሆቴል ቤት እየዘፈነች ስንት ዓመት የደከመችበት ነው። የሰንጋ ተራ ሙዚቃ ቤቶች ደግሞ የገረሱን ጽሑፍ ሳያዩ የአዲስ ዘፋኝ ካሴት አያነሱም።

ገረሱ ጻፈ፦ "በጥሩ ጀምራ እየደከመች ትሄዳለች። ከሦስተኛው ዘፈን ጀምሮ ድምጿ ይጎተታል።"

ጽሑፉ በወጣ ማግስት ሠርካዲስ ጋዜጣውን ጠቅልላ በራችን ላይ ቆመች። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሼ ገረሱ፣ የቱ ጋ ነው የምጎተተው? እስቲ ያሰሙኝ።"

"ግቢና ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

መብራት አልነበረም። ገረሱ ጣራው ላይ ያሰጣውን የባትሪ ድንጋይ አወረደ። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ አስመትቶ መልሶ መጠቀም የቤታችን ደንብ ነው፤ ግቢው ሁሉ እንዲያ ያደርጋል። ትኩሱን ቴፑ ውስጥ ከተተና ካሴቱን ከፈተው።

የመጀመሪያው ዘፈን ደህና ነበር። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ድምጿ እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄደ።

"እንዴ! ይሄ ማነው?" አለች። "ወንድ እኮ ነው! ጋሼ፣ እኔን ነው የሰሙት ወይስ የግቢያችንን ዘበኛ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ገረሱ ግን አልሳቀም። ድንጋዮቹን አውጥቶ መዳፉ ላይ ትክ ብሎ አያቸው።

"ወይንሀረግ፣" አለኝ ዝግ ብሎ፣ "ሰሞኑን የጻፍኩባቸው ሁሉ እኮ መጨረሻ ላይ ደክመዋል።"

አንጀቴን በላው። ለማንም አላዳላ ብሎ፣ ድንጋዩ ሲደክም በሚንቀራፈፍ ቴፕ ሁሉንም እኩል በደላቸው።

ሱቅ ወርዶ አዲስ ድንጋይ ገዛ። እሷ በሩ ላይ እንደቆመች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ካሴቱን እስከ መጨረሻው ሰሙት።

የድንጋዩን ነገር ሳይደብቅ እንደገና ጻፈ። የጋዜጣው አዘጋጅ "ራስህን መሳቂያ ልታደርግ ነው" ቢለው፣ "ይሳቁ፤ አውጣው" አለ። ወጣ። ሙዚቃ ቤቶቹም ካሴቷን ከፍተው ያሰሙ ጀመር። ገረሱ ግን ያው ገረሱ ነው፤ ጽሑፉን ሲጨርስ "የስድስተኛው ዘፈን ግጥም በአዲስ ድንጋይም አይድንም" ብሎ አከለበት። አሁንስ ተቀየመችን ብዬ ስፈራ ልጅቷ ሳቀች።

"እሱን እኔም አልወደውም፣ ጋሼ።"

ሁለተኛ ካሴቷን ያወጣች ጊዜ ለገረሱ ራሷ አመጣችለት። ካሴቱ ላይ አዲስ ድንጋይ በላስቲክ አስራበታለች።

"አሁን ይፍረዱብኝ።"

የዚያን ቀን መብራት ነበር። ገረሱ ግን ሶኬቱን ነቅሎ የእሷን ድንጋይ ከተተ።