ካውያ ጠጋኙ

ፍላቂት ገበያ ዳር የተሰበረ የብረት ዕቃ የሚበይዱ ሽማግሌ አሉ። የቆዳ ሽርጣቸው በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቷል፤ ሸሚዛቸው ግን እስከ አንገቱ ይቆለፋል።

አንድ የገበያ ቀን አንዲት ሴት ክዳኑ የተሰነጠቀ የከሰል ካውያ አመጣችላቸው። ብረቱን በከሰል አግለው በየዱና ትኩስ አመድ ውስጥ ቀበሩት።

«አሁን ልውሰደው?» አለች።

«ቀስ ብሎ ይብረድ። ድንገት ከቀዘቀዘ መልሶ ይሰነጠቃል።»

ስትጠብቅ ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ የማን ወገን ነዎት?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። «የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። የዚህ አገር ማረሻ ሁሉ በአባቴ እጅ አልፏል» አሉ። በአካባቢው የነበሩት ነጋዴዎች ዘወር ብለው አዩአቸው።

ሴትዮዋ አቀረቀረች። ካውያው ሲበርድ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸውና፣ «እጅዎ ይባረክ» አለች።

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አሜን» አሉ።