ይድነቃቸው የጠየቃት ጥያቄ

ይድነቃቸው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ከእናቱ ጋር የሚኖር ጠበቃ ነው። ዕድሜውን የፈጀው በኬሚካላቸው ሰው አሳመሙ ተብለው ለሚከሰሱ ኩባንያዎች በመከራከር ነው። ሥራው ለበሽታው ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበር። አንዱን ሲጋራህ ነው፣ ሌላውን ከአባትህ የወረስከው ነው እያለ ብዙ ሰው ባዶ እጁን መልሷል። እናቱ ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሏት ይከራከራል ትላለች፤ ለማን እንደሆነ ጠይቃው አታውቅም።

ከሁሉም ከልቡ የማይወጣለት የተናኘ ጉዳይ ነው። ተናኘ እዚያው አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ልብስ በኬሚካል በሚታጠብበት ድራይክሊን ቤት ስትሠራ ኖራ ኩላሊቷ ታመመና ኬሚካሉን የሚያመርተውን ኩባንያ ከሰሰች። ቃሏን በሰጠችበት ዕለት ከይድነቃቸው ጋር ለኩባንያው የቆሙት ፈረንጅ ጠበቆች ሲያፋጥጧት ውለው ምንም አላገኙባትም። ይድነቃቸው ግን እነሱ የማያስቡትን ያውቃል። መጀመሪያ ሲያምዎት የት ሄዱ ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። አስተርጓሚውን ትታ ወደ እሱ ዞረች።

«ጸበል ነዋ ልጄ። ጾሙን ሙሉ ስጠመቅ ከረምኩ።»

ይህን ስትል ፊቷ ፈካ ብሎ ነበር፤ የአገሯን ሰው አግኝታለች። እሱም በጊዜው ሐኪም ቤት ብትሄድ ትድን ነበር፣ ጥፋቱ የራሷ ነው ብሎ ተከራከረ። ተናኘ ተረታች።

ዘንድሮ እናቱ ታመመች። አንድ እሑድ ከውጭ ሲገባ ተናኘ እናቱ አልጋ አጠገብ ተቀምጣለች። ሁለቱ ሴቶች የሚተዋወቁት በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልጇ እሱ መሆኑን ግን ተናኘ ያወቀችው ግድግዳው ላይ ፎቶውን ስታይ ነው። ጸበል በፕላስቲክ ይዛ መጥታለች። ለእናቱ ምንም አልነገረቻትም። ተናኘ ልትሄድ ስትነሳ እናቱ በመኪና አድርሳት አለችው።

ቤልትዌይ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዘው ሲሄዱ ይቅርታውን በልቡ ሲያዘጋጅ ሲያፈርስ ቆይቶ፣ ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሲደርሱ አፉን ከፈተ።

«እትዬ ተናኘ፣ ያኔ ያደረግኩት ነገር...»

«አምነህበት ነበር? ጸበሉ ነው የጎዳት ብለህ?»

«አላመንኩም።»

«እኔ እኮ የተናገርኩት አንተን አይቼ ነው። ፈረንጁ ቢጠይቀኝ መች እነግረው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ይቅር በይኝ የሚለው ቃል አልወጣ አለው። ደጇ ሲደርሱ የመኪናውን በር ከፍታ ወደ እሱ ዞረች።

«እናትህ ጸበሉ ይበቃኛል፣ ሐኪም ቤት አልሄድም እያለች ነው። ዛሬውኑ ውሰዳት። ኋላ ጥፋቱ የራሷ ነው ይሏታል።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ቤት ሲመለስ እናቱ በመንገድ ምን አለችህ ብላ ጠየቀችው።

«ሐኪም ቤት ሳትሄድ እንዳትቀር ብላለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምንም።»

«ደግ ሴት ናት» አለች እናቱ። «ደህና አድርገህ አመሰገንካት?»

ይድነቃቸው «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብሎ ጫማዋን ሊያወጣላት አልጋው ሥር ጎንበስ አለ።