አሠልጣኙ አጎቴና አስራ አራተኛው ገጽ

አጎቴን ሠልጣኞቹ «ጋሼ ጠይቁ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ሥራው ከተለያየ አገርና ቋንቋ የመጡ ሰዎች አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተግባብተው እንዲሠሩ ማሠልጠን ነው። ሆስፒታልም ይሁን ባንክ፣ የጠራው ዘንድ ሁሉ ይሄዳል። የሁለት ቀን ሥልጠናውን የሚከፍተውም የሚዘጋውም «ጠይቁ እንጂ አትገምቱ» በማለት ነው። ያወጡለትን ስም የሰማ ዕለት ተቆጥቶ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ግን ስልክ ሲያነሳ ራሱ «አቤት፣ ጠይቁ ነኝ» ማለት ጀመረ።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። ሥራ አጥቼ ቤት ስውል እናቴ «እስቲ ይዘሃት ዙር» ብላ ለእሱ አስረከበችኝ፤ ስድስት ዓመት አብሬው ዞርኩ። ወንበር በክብ መደርደር፣ የስም ካርድ መጻፍና የደረቁ ማርከሮችን ለይቶ መጣል የእኔ ድርሻ ነበር። መጣሉ ላይ አንስማማም። የጣልኩትን ከቅርጫት ያወጣና ትንፋሹን እፍ ብሎበት «ገና ነፍስ አለው» እያለ ሳጥኑ ውስጥ መልሶ ይከተዋል። ከሞተ አራት ዓመት አለፈው። ዛሬም የማርከር ሽታ ሲሸተኝ እነዚያ አዳራሾች ድቅን ይሉብኛል፤ አንድ እግሩ አጠር ያለው ጠረጴዛ፣ ከሰሌዳው አልለቅ ያለው የሌላ ሰው ጽሑፍ፣ እጃቸውን አጣምረው «ደግሞ ይሄ ምን ሊለን ነው» የሚሉ የጠዋት ፊቶች። ይናፍቁኛል።

አራት ሰዓት ገደማ ላይ ፊቶቹ ይፈታሉ፤ ጋሼ መጀመሪያ የሚያሾፈው በራሱ ነበርና። ወጣት ሳለ የአለቃው እናት ሞተው ሊያስተዛዝን ይሄዳል። መንገዱን ስቶ አንድ ግቢ ሲገባ ሴቶች ተሰብስበው እንባቸውን ይጠርጋሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አብሮ አነባ። ለካ ሽንኩርት እየከተፉ ነው። ይህን መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ መቶ ጊዜም ስቄያለሁ።

ያስከበረው ግን የማሠልጠኛ መጽሐፉ አስራ አራተኛ ገጽ ነበር። የየትኛው አገር ሰው እንዴት ሰላም እንደሚል፣ ሲያናግሩት ዓይን ለዓይን መተያየት ይወድ እንደሆነ በሰንጠረዥ አስፍሮበታል። ሠልጣኞቹ ሌላውን ሁሉ ትተው ያንን ገጽ በስልካቸው ፎቶ ያነሱት ነበር።

አንድ ጊዜ ሃያ ነርሶችን ስናሠለጥን ኃላፊያቸው በዕረፍት ሰዓት ጋሼን ኮሪደር ላይ ያዙት። ፈገግታ ብዙም የማያውቁ ሴት ናቸው። ከሠልጣኞቹ መሃል ከሩቅ አገር የመጣች ወጣት ነርስ አለች፤ የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ያበቃል። እጇ መድኃኒት ነው፣ መርፌዋ አያምም ይሏታል። ሕመምተኞች ግን «ስናናግራት ፊቷን ታዞርብናለች፣ ትንቀናለች» ብለው ሦስት ጊዜ ከሰዋታል። ነገሩ ካልተስተካከለ ትሰናበታለች፤ ከተሰናበተች ደግሞ እናቷን የሚጦር ሌላ ሰው የለም።

ጋሼ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ለእሱ ምኑም አልነበረም። ከየት እንደመጣች ከስም ዝርዝሩ ላይ አይቶ፣ ሁሉም እንደተቀመጠ ትከሻዋን ያዝ አድርጎ ተናገረ። «ይቺን እህታችሁን አትቀየሟት። እሷ ባደገችበት አገር ታላቅን ፊት ለፊት ማየት ነውር ነው። ፊቷን የምታዞረው ሰው ስለምታከብር ነው።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊዋ ጻፉ። እኔም ፈጠን ብዬ አስራ አራተኛውን ገጽ ገለጥኩላቸው።

ልጅቷ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅላት ነበር፤ ሥራዋም ይተርፋል። እሷ ግን ብድግ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኛ ጋ እንደሱ አይደለም። እናቴ ዓይኔን ካላየች አታምነኝም። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ፊቴን የማዞረው በቀኙ ለመስማት ነው። እንዳታባርሩኝ ብዬ ደብቄ ነው እንጂ።»

ሁላችንም ወደ ኃላፊዋ ዞርን። እሳቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ትንሽ አዩአትና «በየት በኩልሽ ብቀመጥ ይሻልሻል?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ወደ ቀኟ አሳየች፤ ከዚያ እንባዋ መጣ። ኃላፊዋ ወንበራቸውን ይዘው ሄደው በቀኟ ተቀመጡ።

ዓርብ አልተሰናበተችም። ጋሼ እዚያው ሰው ፊት ይቅርታ ጠየቃት፤ እሷም «ኧረ ምንም አይደል» አለችው። ያ ገጽ ከመጽሐፉ ወጣ። ገጹን ብለው ይጠሩን የነበሩ መሥሪያ ቤቶች ቀስ በቀስ ቀሩብን፤ ጋሼ አልተጸጸተም።

የዚያን የሥልጠና ዕለት ግን ስንመለስ መኪና ውስጥ ሬዲዮውን እንኳ አልከፈተም። ላጽናናው ብዬ ልጅቷ ከሥራዋ አትባረርም፣ ሁሉም በደህና አለቀ አልኩት። መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

«እሷስ ደፍራ ተነሳች» አለኝ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳልጠይቃቸው እንዲህ እያስረዳሁላቸው ዝም ብለው የተቀመጡትስ?»

ጋሼ ዓይን ዓይኔን እያየ መልሴን ይጠብቅ ነበር።