አርባ አምስት ሜትር

ቺንጋው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ይውል ነበር። ከአባቴ ተሳቢ መኪና ሞተር ላይ የወጣ አሮጌ የጎማ ቀበቶ ነው። ጠርዙ ተበጣጥሶ ክሩ ወጥቷል፤ አባቴ ሲገርፈኝ ሁለት ቀን ሙሉ የሚያቃጥለኝ ያ ክር ያረፈበት ቦታ ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ቺንጋ ከምስማሩ ላይ እንዲጠፋልኝ። ዩኒቨርሲቲ ምናምን የሚሉት በኋላ ይደረስበታል።

አባቴ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ነበር የምለው፣ አንድ ቀን ከሞጆ ወደ አዳማ ሲመጣ አንድ ባለ ጋሪ ሽማግሌ ገጭቶ ገደለና ከዚያ ወዲህ መሪ ስላልጨበጠ ነው። የፍርድ ቤቱ ጉዳይ አለቀ። ጉማውም፣ የደም ካሳው፣ ተከፍሎ፣ አባ ገዳዎች ባሉበት ከሟች ቤተሰብ ጋር ታረቀ። በዕርቁ ቀን በኦሮምኛ «ዱጋ» ብለው፣ እውነቱን ብቻ እንዲናገር ሲጠይቁት «በሃምሳ ነበር የምነዳው» ብሎ ተናገረ። አመኑት፤ አብረውት በሉ።

ቤት የዋለ ሹፌር ግን አያድርስ ነው። አባቴ የሚይዘው ሲያጣ የኔን የቤት ሥራ ያዘ። ሒሳብና ኬሚስትሪ አይነካም። ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚያወራውን የፊዚክስ ምዕራፍ ስንጀምር ግን ወንበሩን ስቦ መጣ።

«ይሄንን እኔ አውቀዋለሁ» አለ።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥያቄውን በአማርኛ እነግረዋለሁ። አንድ የጭነት መኪና በሰዓት ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር እየሄደ ፍሬን ያዘ፤ የአስፋልቱ ሰበቃ ተሰጥቷል፤ ስንት ሜትር ተጉዞ ይቆማል? ሠርቼ ሃያ ዘጠኝ ሜትር ገደማ አልኩት።

«ተጭኗል ወይስ ባዶ ነው?»

«አይልም።»

«እንዴት አይልም! ጎማው አዲስ ነው ያለቀ?»

«እሱንም አይልም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ሃያ ዘጠኝን ከየት አመጣሽው?»

ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ሲመታኝ ራሴ ጮክ ብዬ እንድቆጥር ያደርገኝ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ከአንድ ይጀመራል። እናቴ ሳሎን ሆና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች። ጎረቤት እንዳይሰማ ነው ትላለች። እኔ ግን እሷ ራሷ እንዳትሰማ ይመስለኛል፤ ለዚህ እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

በማግስቱ እሱ «ከተጫነ ስልሳ ሜትር ነው» ያለውን መልስ ጽፌ ሄድኩ። መምህሩ በቀይ ኤክስ አደረገበት። «አባቴ ነው ያለኝ» ብላት አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «የአባትሽ ፊዚክስ ነው?» ብላ ሳቀች። ማስመሪያዬን አንስቼ አፏ ላይ አሳረፍኩባት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ ደብተሯ ላይ ተንጠባጠበ። ከዚያ የመጣብኝን ሐሳብ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እንድትቆጥር ፈልጌ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መምህሩ በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ጥያቄ ላከልን። አባቴ ትከሻዬ ላይ አጎንብሶ ሲጠብቅ ተረጎምኩለት። «ትራፊክ ፖሊስ አስፋልት ላይ ጎማ የተጎተተበት ምልክት አገኘ። ከምልክቱ ርዝመትና ከአስፋልቱ ሰበቃ ተነስታችሁ መኪናው ፍሬን ሲይዝ በስንት ፍጥነት ይሄድ እንደነበር አስሉ።»

አባቴ ዘሎ ቆመ። «የኔ ነው! ይሄ የኔ ነገር ነው! ጋሪው ጋ እስክደርስ አርባ አምስት ሜትር ጎማ ጎትቻለሁ። ትራፊኩ ራሱ በሜትር ለክቶታል። ፍሬን አልያዘም የሚሉኝ እሱን ይዩ! የመጽሐፉን ተዪውና የኔን ሥሪው።»

ያችን አርባ አምስት ሜትር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራት ነበር። የንጽሕናው ማስረጃ አድርጎ ነው የያዛት። ማንም ቁጭ ብሎ አስልቷት አያውቅም፤ እኔም ብሆን።

ሠራሁት። መልሱን ሳየው የተሳሳትኩ መስሎኝ በስልኬ ደገምኩት። ያው ነው። እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ምን ይላል?»

ደብተሩን በክንዴ ሸፈንኩት።

«አላውቅም ማለትሽ ነው?» ቺንጋውን አወረደ።

የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ አረፈ። «አንድ» አልኩ። ሁለተኛው አንገቴን ጠቅልሎ ጆሮዬን አቃጠለኝ። «ሁለት።» ሦስተኛው ጀርባዬን ሲያገኘኝ ዞሬ ፊት ለፊት አየሁትና ጮህኩ።

«ዘጠና!»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ቢያንስ በዘጠና ነበር የምትሄደው! በሃምሳ ቢሆን በአስራ አራት ሜትር ትቆም ነበር። ሽማግሌው ጋ ሳትደርስ፣ ሠላሳ ሜትር ቀርቶህ ትቆም ነበር!»

«ተጭኜ ነበር እኮ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው።

«ክብደቱ ከቀመሩ ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል። ለውጥ የለውም።»

ደብተሬን አንስቶ አየው። እንግሊዝኛውን አያነብም፤ ቁጥር ግን ያነባል። ጣቱ ዘጠና ላይ ሲቆም አየሁ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እናቴ ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑን አጥፍታዋለች።

ጠዋት ስነሳ ደብተሬ ውስጥ ያ ገጽ ተቀዷል። ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ባዶውን ቆሟል። አባቴ ቤት የለም። የተመኘሁት ሆኖልኝ ሳለ ትምህርት ቤት ሳልሄድ እሱን ስጠብቅ በር ላይ ዋልኩ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ባጃጅ በር ላይ ቆመና አባቴ ወረደ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። እናቴ ኡኡ አለች። ሟች ቤት ሄዶ ገጹን ለሟቹ ልጅ ሰጥቶት ነበር። «በዘጠና ነበር፤ ያን ቀን በአባ ገዳዎች ፊት ዋሽቻችኋለሁ» አለው። ልጁ የመታው በራሱ ዱላ አልነበረም። ቺንጋውን ይዞለት የሄደው ራሱ አባቴ ነው።

ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ሸሚዙን በሞቀ ውሃ እያራስኩ ከቆዳው ላይ አላቀቅኩ። ክሩ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ ገና ሳላየው አውቀዋለሁ። እያለቀስኩ ነበር፤ ለእሱ ማልቀሴ ደግሞ አናደደኝ።

«ስንት?» አልኩት።

ቀና ብሎ ግድግዳውን እያየ፣ ልክ እኔን ያደርገኝ እንደነበረው ጮክ ብሎ መለሰልኝ።

«አስራ አንድ።»