ሳያለከልኩ መውጣት

«እትዬ፣ ይኸ ልጅሽ ተመዘዘ እኮ!» አለኝ የቀበሌያችን ጥበቃ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ። ጠመንጃውን እንዳነገተ ከልጄ ጎን ቆመና በመዳፉ ቁመታቸውን አስተያየ። ልጄ በለጠው። ተራ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ አልመጣልኝም። በዚያ ሰሞን ደባርቅ ላይ የልጅ ቁመት የሚለካው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለግዳጅ ውትድርና። ገበያ እንደወጡ ካሚዮን ላይ ተጭነው የቀሩ ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸው አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ወጥተው የሚወርደውን ሰው ፊት ያያሉ።

«ኧረ ቁመቱ ነው እንጂ እድሜው ገና ነው» አልኩት።

«እሱን ለእኛ ተይው» አለ፤ የልጄን ጀርባም መታ መታ አደረገው።

እህሌን ሳላስፈጭ ተሸክሜ ተመለስኩ።

የልጆቼ አባት በሕመም ካለፈ ወዲህ ቤቱ የሦስታችን ነበር፤ የእኔ፣ የእሱ፣ የትንሿ እኅቱ፤ እሷ ገና ጥርሷን አልነቀለችም። ከቤቱ ጥግ ትልቁ ጎታችን ቆሟል፤ በጭቃና በጭድ የተሠራ፣ ሰው የሚያህል የእህል ማስቀመጫ። ክረምት ስለነበር ባዶ ነው። ልጄን እዚያ አስገባሁት። በጎታው አፍ ላይ እንጨት አጋድሜ ሰፌድ አኖርኩ፣ የቀረችኝን ገብስ አፈሰስኩበት፤ ላየው ሰው ሙሉ ይመስላል። መከራው ብናኙ ነበር። በሰፌዱ ዳርና ዳር እየወረደ ፊቱ ላይ ይበናል፣ እሱም ይስላል። ጎታ ደግሞ ሳልን እንደ ከበሮ ነው የሚያሰማው።

ያኔ ወንዛችን ትዝ አለኝ። እኔ የደጋ ሰው አይደለሁም፤ በትዳር ነው ሽቅብ የወጣሁት። ያደግኩት ከገደሉ ሥር፣ ቆላ ነው። እዚያ ወንዙ የሚያርፍበት ጥልቅ ኩሬ ነበረን። የደባርቅ ውኃ አጥንት ይሰብራል፤ እኛ ግን ውኃ ውስጥ ነው ያደግነው። ነጭ ድንጋይ እንጥልና ትንፋሻችንን ይዘን እንጠልቃለን። ከታች ጆሮ ይደፈናል፣ ብርሃኑ ቅጠልያ ይሆናል፣ እናቴ ከላይ ስትጣራ ድምፅዋ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስላል። አሁንም እጄን እንስራ ውስጥ ስነክር ያ ድምፅ ውል ይለኛል። መንገዱ በጦርነቱ ከተዘጋ ጀምሮ ወደዚያ የወረደ ሰው የለም፤ እናቴ ትኑር አትኑር የሚነግረኝም አላገኘሁም።

እና ያንን ጨዋታ ለልጆቼ በደረቅ መሬት ላበጅላቸው ተነሣሁ።

መጀመሪያ ያበጀሁት ሕግ የበዛበት ነበር። ድንጋይ አለው፣ ዳኛ አለው፣ ከታች ያዩትን መናገር አለው። «ጥለቁ!» ስል ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ትንሿ ድንጋዩን ስታገኝ «አገኘሁት ጋሼ!» ብላ ጎታውን በጥፊ ትለዋለች። ድንጋዩን አስቀረሁ። ያዩትን ይናገሩ ሲባል እሱ ከውስጥ «እማ፣ አዞ አየሁ፤ የጥበቃ ኮፍያ አድርጓል!» ይላል፣ እሷ በሳቅ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ወሬውን አስቀረሁ። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ፤ ፈታሾቹ ሲመጡብን ለመዳኘት ምን ጊዜ አለኝ? ዳኝነቱንም ተውኩት።

አንድ ስሕተት ግን ቆየብኝ። ብዙ የቆየ ያሸንፋል ብዬ ነበር። ልጄ እልኸኛ ነው፤ ከእኅቱ ላለማነስ እስኪፈነዳ ይይዝና «ኸህ!» ብሎ እንደ በሬ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ሳሉ ይከተላል። አንድ ቀን ጎታውን ተደግፌ ስሰማው የአገሬ ልጃገረዶች ትዝ አሉኝ። እኛ ዘንድ ብዙ የቆየችውን ማንም አያደንቃትም። የምትደነቀው ሳታለከልክ የወጣችው ናት፤ ውኃውን ሳትረብሽ ብቅ ብላ በአፍንጫዋ ቀስ እያለች የምትተነፍሰው።

«አንተዬ፣ ስማኝ» አልኩት በጎታው ማፍሰሻ ቀዳዳ። «ከእንግዲህ የሚያሸንፈው ብዙ የቆየ አይደለም። አወጣጡ ያልተሰማ ነው።»

«እንግዲያ ማን እንዳሸነፈ በምን እናውቃለን?»

«አናውቅማ።»

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው እሱ!»

«እንዲህ ዓይነት ነው» አልኩት።

ከዚያ ሁሉ የቀረው ይኸ ብቻ ሆነ፤ ትንፋሽ መያዝና ሳይሰማ መውጣት። መጥለቂያው ምልክትም የበሩ መንኳኳት ነው።

ሰው እቤቱ ያለ ልጅ ይናፍቀዋል? እኔን ናፈቀኝ። ክንዴን ብዘረጋ ጎታውን እነካዋለሁ፤ ግን ሲበላ አላየውም፣ ደጅ ቆሞ ፊቱን ሲታጠብ አላየውም፣ ከእኅቱ ጋር ሲጣላ አልሰማውም። ምግቡን በሰፌዱ ጎን ሳቀብለው ጣቶቹ ብቻ ብቅ ብለው ይመለሳሉ። ጨዋታው እየሠመረ በሄደ ቁጥር ቤቴ እየጎደለ ሄደ። ደኅና አድርጎ ሲጫወት የለም ማለት ነው። የፈራሁትን ሳል አንዳንዴ ራሴው እመኘው ነበር።

አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ያው የወፍጮ ቤቱ ጥበቃ ነው፤ ከአንድ ወፍራም ጓደኛው ጋር።

«ረጅሙስ?» አለኝ።

«ጊች ነው፣ አጎቱ ዘንድ። ገብስ ሊያርም።»

ወፍራሙ ወደ ጎታው ሄዶ ገብሱ ውስጥ እጁን ሰደደ። ብናኙ ወደ ውስጥ ሲወርድ የሰማሁት መሰለኝ። ጎታው ዝም አለ። ጥበቃው ትንሿ ልጄ ፊት ቁጢጥ አለ። «አንቺ ሚጢጢ፣ ጋሼ የት ነው?»

ጉንጮቿን ነፍታ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«ምን ሆነች?»

«ጨዋታ ነው» አልኩ። «ትንፋሽ መያዝ።»

«ዋ! እኔን ልትበልጪኝ?» ብሎ እሱም ጉንጩን ነፋ።

«ተው አንተ ሰው!» አለው ጓደኛው። «ሲጋራ የበላው ሳንባ ይዘህ ከሕፃን ጋር ትገጥማለህ?»

የጥበቃው ፊት ደም መሰለ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ በመጨረሻ «ኸህ!» ብሎ ሳቁና ሳሉ አንድ ላይ ወጡ። ወፍራሙ ከሳቁ ብዛት ጎታውን ተደገፈ። እሷ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ተነፈሰችና ዓይኗን ገለጠች።

«አለከለክህ» አለችው።

አፉን ጠርጎ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም። «ነገ ልጁ ካልቀረበ፣ እትዬ፣ ጎታውንም ገልብጠን ነው የምናየው።»

ከሄዱ በኋላ ጎታውን ጠራሁ። መልስ የለም። ሰፌዱን አነሣሁት፤ ልጄ ፊቱ በብናኝ ነጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። «ልጄ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ወጥቻለሁ እኮ» አለኝ። «ከወጣሁ ቆየሁ። አልሰማሽም?»

ያን ዕለት ከዳባት በኩል መጥተው ያደሩ ለቀስተኞች ሠፈራችን ውስጥ ነበሩ፤ ረፋድ ላይ ይመለሳሉ። በእኛ አገር የሐዘንተኛ ሴት መሸፈኛ ገልጦ የሚያይ የለም። የአባቱን ሐዘን የተቀመጥኩበትን ጥቁር ቀሚሴን አለበስኩት፣ ራሱን በሻሽ አሰርኩ፣ ነጠላውን አዘቅዝቄ እስከ ዓይኑ አወረድኩት። ቀሚሱ ቅልጥሙ ላይ ቀረ፤ ጋቢ ጨመርኩበት።

«ጎንበስ በል።»

«እማ፣ ሴት ሁሉ እንዲህ ወገቧን ያማታል?»

«ያማታል። ዝም በል።»

ሴቶቹ ያዩትን አይተው ምንም አልጠየቁኝም፤ መካከላቸው አስገቡት። ኬላው ላይ ጠባቂዎቹ ኮፍያቸውን አንሥተው «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ፤ ልጄም ራሱን ነቀነቀ። ትንሿን አዝዬ ከኋላው እሄዳለሁ፤ ተረከዙ የወንድ ነው፣ ሌላ ሰው እንዳያየው ዓይኔን ከእሱ አልነቀልኩም። አንድ ቦታ ጭጋጉ ተገለጠና ቆላው ከሩቅ ታየኝ። ልቆም አልቻልኩም። ሴቶቹ ይሄዳሉ፣ ተከተልኩ።

እኅቴ የምትኖረው ከዳባት ወዲህ፣ ከዋናው መንገድ ርቃ በምትገኝ መንደር ነው። የቀበሌ ሹሞቹ ያቺን መንደር ለቀው ከሸሹ ቆይቷል፤ ከመኪና መንገዱ የሚወርድባትም ወታደር የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ከአጥሯ በር ላይ ልብሳችንን አይታ ደረቷን ያዘች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ይቺ ዘንጋዳ የምታህለውስ ማን ናት?»

ልጄ ነጠላውን ከፊቱ ገለጠ። እኅቴ እልል ልትል ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቀጥላ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። በሩን ዘግታ ወደ ውስጥ አስገባችን። ትንሿ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ልጄን አጠገቤ አስቀመጥኩት።

«ደረስን» አልኳት ለእኅቴ። «ሦስታችንም ደኅና ነን። አልወሰዱብኝም።»