ጣውንቴ ባለ ስምንት ሲሊንደር

ሰፈራችን ፋሲሎ ውስጥ ጎረቤት ባገኘኝ ቁጥር "ጣውንትሽ እንዴት ከረመች?" ይለኛል። ባሌ ግቢያችን ውስጥ የሚያድሳትን አሮጌ አሜሪካን ሠራሽ መኪና ማለቱ ነው። "ከኔ ተሽላ ከረመች" እላለሁ። ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው።

ባሌ ከፋብሪካ በጡረታ የወጣ መካኒክ ነው። መኪናዋን ያገኛት ጢስ ዓባይ አካባቢ፣ አንድ ሰው ጓሮ ዶሮ ሲያድርባት ነበር። እሷ ከመጣች ወዲህ ሶፋችን ወጥቶ ወንበሮቿ ሳሎን ገቡ፤ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ የፒስተን መዘፍዘፊያ ሆነ፤ ነጠላዬ ሳይቀር ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ለሥራ መጥቼ፣ አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። አነጋገሬ እንኳ ተለውጦ "ሄድሁ፣ ተመለስሁ" ስል እናቴ በስልክ ትስቅብኛለች። እናቴ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም፤ አሁን ደግሞ ዓይኗ እየከዳት ነው። ስለዚህ ወደ አዳማ ዝውውር ጠየቅሁ፤ ተፈቀደልኝም። ባሌም እሺ አለ። ብቻ መኪናዋ ትለቅና በሷ እንሄዳለን አለ። እኔም መሥሪያ ቤቴን ጥቂት ጊዜ ስጡኝ እያልሁ ስለምን ከረምሁ። እናቴ መቼ ነው የምትመጪው ስትለኝ ቀለም ብቻ ነው የቀራት እላታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር ተቀምጬ ወደ ዘጌ የሚሄዱትን ጀልባዎች ሳይ፣ በነሱ እንኳ እቀና ነበር። ታፍኜ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አለቀች። ሞተሯ ሲነሳ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ለዓመታዊ ምርመራ ስንወስዳት በሐይቁ ዳር መንገድ አለፍን፤ ባለባጃጆቹ ቆመው አዩን። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁ። ባሌም መሪውን ይዞ ሲያዩት ወጣት መስሏል።

ምርመራው ላይ ግን ተቆጣጣሪው ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ቢፈልግ አጣው። ለካ ባሌ አካሏን ያቃናውን ባቲላሜራ "አንዲት ጭረት እንዳትቀርባት" ብሎት ኖሯል። ሰውየውም፣ እግዜር ይይለት፣ ዝገት የበላውን ቁጥር ጭረት መስሎት ፍቆ፣ በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ቀብቶታል። ቁጥር ከሌላት ቦሎ አይሰጣትም፤ ያለ ቦሎ ደግሞ ከግቢ አትወጣም።

እንባዬ መጣ። ባሌን ላጽናና ዞር ብል ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር።

ቤት እንደደረስን ቱታውን ለበሰ። የጠፋው ቁጥር ነገር በፖሊስ ተጣርቶ እስኪያልቅ ጊዜ ስላለ፣ ሞተሯን አንዴ አውርዶ እንደሚያያት ነገረኝ።

"መሄድ አትፈልግም፣ አይደል?" አልሁት።

ጨርቁን ኮፈኗ ላይ አስቀመጠ። "እሷ ካለቀች ጧት ተነስቼ ምን ልሠራ ነው?"

"እኔስ?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "አንቺማ አለሽ" አለኝ።

ክፋት የለበትም፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። በማግሥቱ ቢሮ ገብቼ ዝውውሩን ፈረምሁ። ለእናቴም ደውዬ በአውቶቡስ እንደምመጣ ነገርኋት።