የቦራው ጉሮሮ

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በባዮሎጂ ትምህርት ለቡድናችን የደረሰው ርዕስ የእስያ ነብር ነበር። የእኛ አገሩ ዥንጉርጉር ሳይሆን ቢጫ ቆዳው ላይ ጥቁር መስመር ያለበት፣ ታይገር የሚሉት ትልቁ ነው። ሌሎቹ ልጆች ስለ መኖሪያውና ስለ ግልገሎቹ ወሰዱ፤ ለእኔ ከራሱ በብዙ የሚበልጡ እንስሳትን እንዴት እንደሚገድል የሚለው ደረሰኝ። መምህራችን እንዲደሰቱብኝ ስለፈለግሁ በስልኬ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። የህንድን የዱር በሬ ሲጥል፣ የዝሆን ግልገል ከእናቱ ሲነጥል አየሁ። ከኋላ አድብቶ ይመጣና ጉሮሮ ይይዛል። እንስሳው በጣም ግዙፍ ከሆነ መጀመሪያ ቋንጃውን የሚቆርጥበት ጊዜም አለ። ጉሮሮ ከያዘ አይለቅም። ካልያዘ ግን ትልቁ እንስሳ ብዙ ጊዜ ቆስሎም ቢሆን ያመልጣል።

ሰኔ ላይ ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ይህን ሁሉ ለማውራት ቸኩዬ ነበር። ቤታችን ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወረድ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ ነው። በመጣሁ ማግስት አባቴ ከእርሻ ተመልሶ ሞፈሩን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ ስልኬን ይዤ ቀረብኩ። የዱር በሬው መንበርከክ ሲጀምር አባቴ ፊቱን አዞረ።

«አገር አቋርጠሽ የምትማሪው ይኼን ነው?»

«አባዬ፣ ተፈጥሮ እኮ ነው።»

«ይሁና። እኔ በሬ ሲታረድ እንጂ ሲታነቅ አላይም።»

አጎቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። «እንዲህ ያለው ነብር እዚህ ቢኖር በሬ አልቆ መምሬ ራሳቸው ይጠመዱ ነበር» አለ።

መምሬ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቄስም ገበሬም። እኛ ያለን አንድ በሬ ነው፣ እርሳቸውም እንዲሁ። ሁለቱን አቀናጅተን አንድ ቀን የእኛን፣ አንድ ቀን የእርሳቸውን መሬት እናርሳለን። የእኛው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራው እንለዋለን። ስለዚህ ቦራው ቢሞት ሁለት ቤት ሳያርስ ክረምት ገባ ማለት ነው።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ስንነሣ ቦራው የለም። ታስሮበት ያደረው ችካል ተነቅሏል፤ ገመዱም አብሮ ሄዷል። እርጥቡ መሬት ላይ የነብር ዱካ ነበር፣ የእኛው የዥንጉርጉሩ። ለላማችን ጥጃ መጥቶ ይሆናል፤ ጥጃዋ ግን ቤት ውስጥ ነበረች። አባቴ፣ አጎቴና መምሬ የኮቴውን ፋና ተከትለው ገደሉን ወረዱ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ።

ገደሉ ወገብ ላይ፣ ቁጥቋጦ መሐል አገኘነው። በጎኑ ተኝቷል። ታፋው በጥፍር ተተልትሎ ደሙ ደርቋል። ሲያየን ሊነሣ ሞከረ፤ ራሱን ትንሽ ቀና አደረገና መልሶ ተደፋ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ተደፋ።

«አንገቱ ተሰብሯል» አለ አጎቴ። «ነፍሱ ሳትወጣ እንረደው። ከሞተ በክት ነው፤ የጅብ ሲሳይ ነው የሚሆን።»

በእኛ ዘንድ አውሬ የገደለው ከብት አይበላም፤ በሥላሴ ስም ተባርኮ መታረድ አለበት። ለዚህ ነው በሬ ሲጎዳ ከሐኪም በፊት ካራ የሚፈለገው። አጎቴም ካራውን ይዞ ነበር የወረደው።

«ጾም ነው፤ ማን ይበላዋል?» አሉ መምሬ።

«ቋንጣ ይሆናላ! ቋንጣ እንደሆነ እስኪፈሰክ ይጠብቃል፣ ከእርስዎ ይልቅ ታጋሽ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አባቴ ቁጢጥ ብሎ የቦራውን ሆድ ይደባብስ ነበር። አጎቴ ካራውን ድንጋይ ላይ ሲስል ድምፁ ጥርሴን አጠረሰኝ።

«አባዬ፣ እስቲ ጉሮሮውን ልየው» አልኩ።

«ምን ልትሆኚ?»

«ጥርስ አርፎበት ከሆነ አይተርፍም። ካላረፈበት ግን...»

«የህንዱ ነብር ሐኪም መጣችላችሁ!» አለ አጎቴ።

«ተዋት» አሉት መምሬ። «እስክታይ ድረስ ካራህ አይዶለዱምም።»

መጀመሪያ ቋንጃውን ነካሁ። እግሩን ወርውሮ ሊረግጠኝ ሲል ለጥቂት ሳተኝ፤ መሳቱ ብቻ ሳይሆን መራገጡም ደስ አሰኘኝ። ከዚያ ተንበርክኬ እጄን ከአንገቱ ሥር ሰደድኩ። ቁስል የለም፤ ደምም የለም። ጣቶቼ ግን እንደ ሽቦ የተወጠረ ነገር ነኩ።

«ገመድ!» ብዬ ጮኽኩ። «ገመዱ ነው የያዘው!»

የራሱ ማሰሪያ ነበር። ሲሮጥ እየጎተተው መጥቶ ችካሉ ሁለት ድንጋይ መሐል ተቀርቅሯል። በተነሣ ቁጥር ገመዱ አንገቱን መልሶ ወደ መሬት ይስበዋል። ገመዱ ከሆዱና ከሣሩ ሥር ስለነበር ከላይ ሆኖ የሚያየው አልነበረም።

አጎቴ ባዘጋጀው ካራ ገመዱን በጠሰው። ቦራው ትንሽ እንደተኛ ቆየ። ከዚያ ከኋላው ብድግ አለ፣ ቀጥሎ ከፊቱ። ተንገዳገደ፣ ቆመ፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ሸና።

«ሬሳው ሸና!» አለ አጎቴ፤ አሁን ሁላችንም ሳቅን። መምሬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና አማተቡ። «ለካ ካራውን የያዝነው ለገመዱ ኖሯል! ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። አባቴ የተቀረቀረውን ችካል ከድንጋዮቹ መሐል መንቀል ጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሙ ከወገዳ መጥቶ ቁስሉን አጠበ፣ መርፌም ወጋው። «ቀንበር ከሚያርፍበት ርቋል፤ ሲሽር ያርሳል» ብሎ ሲሄድ እናቴ እልል አለች። እውነትም ሻረ። ዘንድሮ ትንሽ ብንዘገይም የእኛም የመምሬም መሬት ታርሷል።

ቦራው መጀመሪያ በተጠመደበት ቀን አመሻሹ ላይ አባቴ እግሩን ታጥቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ያን ስልክ አምጭው እስቲ።»

«ምን ላሳይህ አባዬ?»

«በሬው የሚያመልጥበት የለም?»

ነበረ። የህንዱ በሬ ነብሩን ከጀርባው አራግፎ ጫካ ሲገባ አባቴ ፊቱን ሳያዞር እስከ መጨረሻው አየው።

«ድገሚው» አለኝ።